የብረቱ ካምፕ እንሰት

ሆሳዕና ከተማ፣ ከቤቴ ፊት ለፊት ጋራዥ አለ። ጠዋት ጠዋት ከሠራተኞቹ አንዱ የተጣመመ የመኪና ባሌስትራ ለማቃናት በመዶሻ ሲመታ፣ ድምፁ አጥሬን ተሻግሮ፣ ግቢዬን አቋርጦ ይመጣና ከተቀመጥኩበት ያስነሳኛል። ያስነሳኛል ስል ማጋነኔ አይደለም፤ እግሬ ከእኔ ቀድሞ ያውቀዋል መሰለኝ፣ ቆሜ ነው ራሴን የማገኘው። «እማዬ፣ ምን ፈለግሽ?» ይሉኛል ልጆቼ። ምንም አልፈለግሁም። የሰማሁት ባሌስትራውን ሳይሆን፣ በልጅነቴ ካምፑ መሐል ከዝግባው ቅርንጫፍ ላይ እንደ ደወል ተንጠልጥሎ የነበረውን የሐዲድ ቁራጭ ነው። እሱ ሲመታ አባቴ ጫማውን ሳያስር እየሮጠ ይወጣ ነበር፤ እሱ ሲመታ እናቴ ድስቷን ታወርድ ነበር፤ እኛ ልጆቹም እሱን ሰምተን እንነሳ፣ እሱን ሰምተን ከየሜዳው እንሰበሰብ ነበር።

ካምፕ እንለው ነበር እንጂ ሌላ ስም አልነበረውም። ከሆሳዕና ወደ ዶዮገና የሚወስደውን መንገድ ይዘው ሲሄዱና ወደ ጎን ሲታጠፉ፣ ከአንድ ቀይ ጉብታ ሥር፣ በጃንሆይ ዘመን ብረት አወጣለሁ ብሎ የመጣ አንድ ኩባንያ በመስመር በመስመር የደረደራቸው የሠራተኛ ቤቶች ነበሩ። ጣሪያቸው ቆርቆሮ፣ ግድግዳቸው ቆርቆሮ፣ በራቸውም ቆርቆሮ ነበር። ወንዶቹ ጉብታውን በዲጂኖና በድማሚት እየፈነቀሉ ቀዩን ድንጋይ በፉርጎ ላይ ይጭኑታል፤ ፉርጎዎቹ በሐዲድ ተንሸራተው ሜዳው ላይ ይገለብጡታል፤ ከዚያ የጭነት መኪና ይዞት ይሄዳል። ወዴት እንደሚሄድ ልጅ ሆኜ ጠይቄ አላውቅም። ለእኔ ዓለም የምታልቀው መኪናው ከሚታጠፍበት ኩርባ ላይ ነበር።

እኛ ካምፑ የገባነው በበጋ ነው። ቀን ላይ ቆርቆሮው እንደ ምድጃ ይግላል፤ ማለዳ ደግሞ ከውጭ ይልቅ ውስጡ ይበርዳል። ግን ለእኛ ሁሉም ነገር ብርቅ ነበር። ከቤታችን ማዶ ቧንቧ ነበረ፤ ሞተሩ ሲነሳ የሚበራ አምፖል ነበረን፤ አባቴ ሞሊሶ ዶዮገና ገበያ ላይ «እኔኮ ካምፕ ነው የምሠራው» ሲል ሰው ዞር ብሎ ያየው ነበር፣ እሱም ይህንን ስለሚያውቅ ያልጠየቀውንም ሰው ይነግረው ነበር።

እናቴን አማ ነበር የምንላት። የከምባታ ልጅ ናት፣ የዶዮገና ሰው፤ አባቴ ደግሞ ሀዲያ ነው፣ ከሆመቾ በኩል። ከተጋቡ ጀምሮ ካምፕ እስከገቡበት ጊዜ ድረስ ሆመቾ አካባቢ በአንድ ባለመሬት ርስት ላይ በጭሰኝነት ይኖሩ ነበር። አማ ስለ ሰውየው ስታወራ ክፉ ነበር አትልም፤ ገብስ ዝሩ ይላል፣ ባቄላ ዝሩ ይላል፣ እንሰት ግን አትትከሉ ይላል ትል ነበር። በእኛ አገር ገብስ የዘራ ሰው አጭዶ መሄድ ይችላል። እንሰት የተከለ ግን አምስትና ስድስት ዓመት ይጠብቀዋል፣ ከመደቡ እየነቀለ ወደ ሰፊ ቦታ ያዛውረዋል፣ ፍግ ያለብሰዋል፣ እንደ ልጅ ያሳድገዋል፣ በዚህ መሐል ጎረቤቱ ሁሉ መሬቱን በእሱ ስም መጥራት ይጀምራል። ስለዚህ እንሰት ትከል ማለት ኑር ማለት ነው፤ አትትከል ማለትም ምን ማለት እንደሆነ ለማንም አይጠፋም። አማ አንድ ጊዜ ከአባቷ ቤት ያመጣቻቸውን ችግኞች በድፍረት ከጎጆዋ ጀርባ ተክላቸው፣ ባለመሬቱ ሰው ልኮ አስነቅሏታል። ይህን ስታወራ ድምፅዋ ይለወጥ ነበር። ከዚያ ወዲህ በዚህች ምድር ላይ የምትመኘው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ተነሺ የማትባልበት ጓሮ።

ካምፑ ስንገባ ሌሎቹ ሴቶች ድስትና ምንጣፍ ይዘው ሲወርዱ፣ አማ ከነአፈራቸው በኮባ ቅጠል የተጠቀለሉ የእንሰት ችግኞች በጀርባዋ አዝላ ነበር የወረደችው። በሆዷ ደግሞ ወንድሜን ይዛ ነበር።

የበልግ ዝናብ እንደጣለ ዶማ ከአባቴ ተበደረችና ከቤቱ ጀርባ መቆፈር ጀመረች። ማንንም አላስፈቀደችም፤ የሚያስፈቅዱትን ሰውም አታውቅም ነበር። እኔ ችግኝ እያቀበልኳት ሳለ ዋናው ፈረንጅ ከቤቶቹ ጥግ ብቅ አለ። በዚያ ዘመን ፈረንጅ ሁሉ ሙሴ ስለነበር እሱንም ሙሴ ነበር የምንለው፤ እውነተኛ ስሙን እስከ ዛሬ አላውቀውም። ረጅም፣ ፊቱ እንደ ጉብታው የቀላ፣ ሰፊ ባርኔጣ የማይለየው ሰው ነበር። አብረውት የመጡት ጋሽ ታደሰ ናቸው፤ ከሸዋ የመጡ የካምፑ ጸሐፊና አስተርጓሚ ነበሩ። አማ ዶማዋን ለቀቀች። ፊቷን ሳየው ባለመሬቱ የላከው ሰው ሆመቾ ሲመጣ እንዲህ ሆና እንደነበር ገባኝ፣ እኔም የያዝኩትን ችግኝ ከጀርባዬ ደበቅሁ።

ሙሴ ጎንበስ ብሎ የተተከለውን አንዱን ቅጠል በጣቱ ዳሰሰና ፈገግ አለ፤ ከዚያም በቋንቋው ተናገረ።

«ትከይ ይልሻል» አሏት ጋሽ ታደሰ። «ጥሩ ነው፣ ሌሎቹም ሴቶች ይትከሉ ይላል።»

አማ አማርኛ ገና መልመዷ ነበር። «ጋሽ ታደሰ፣ ደግመው ይጠይቁልኝ» አለች። «ይሄ ቶሎ አይደርስም በሉልኝ። ብዙ ዓመት ነው በሉልኝ።»

ጋሽ ታደሰ ነገሩት። ሙሴ ሳቅ ብሎ መለሰ።

«ችግር የለም፣ እንጠብቃለን ይላል።»

እንጠብቃለን! አማ ያን ቀን ያልነገረችው ሰው አልነበረም። አባቴ ከራሱ ጠጉር እስከ ጫማው ቀይ ሆኖ ሲገባ ውሃ እንኳ ሳታቀርብለት ነገረችው። «ፈረንጅ ስለ እንሰት ምን ያውቃል?» አላት እየሳቀ። «ያውቅም አያውቅም፣ አፉ ብሏል» አለችው። ለእሷ ነገሩ ያለቀ ነበር። የሥራው ውል የአባቴ ነው፣ ይህኛው ግን የእሷ ውል ነበር፤ በእኛ አገር ደንብ ሰው እንሰት ትከል ተብሎ ብዙ ዓመት እንጠብቃለን ከተባለ ከዚህ በላይ የሚባል ነገር የለም። ወሬው በመስመራችን ሲዛመት የሀዲያውም፣ የከምባታውም ሚስት ከየአገሯ ችግኝ አስመጣች፤ የካምፑ ባለ ሱቅ ሚስት ዘይነባም «እኛ ጉራጌዎች እንሰት ሳይኖረን ቤት አለን አንልም» ብላ ከሁሉም የበለጠ ተከለች።

ክረምት ሲገባ ወንድሜ ማቴዎስ ተወለደ። እንግዴ ልጁን አማ በሩ አጠገብ ከተከለችው እንሰት ሥር አስቀበረችው፤ ከዚያ በኋላ ያ እንሰት «የማቴዎስ እኩያ» ተባለ፣ ማቴዎስም መቆም ሲጀምር የቆመው እሱን ተደግፎ ነው። ያ ክረምት ጭቃው ቀይ፣ ጅረቱ ቀይ፣ የታጠበ ልብሳችን ቀይ ነበር፤ ዶዮገና ገበያ ስንወጣ ልጆች ገና ከሩቅ አይተውን «ካምፖች መጡ» ይሉን ነበር፤ እኛም እንደ መሰደብ ሳይሆን እንደ ማዕረግ ቆጥረነው አንገታችንን ቀና እናደርግ ነበር።

በዚያው ክረምት መንገዱ ተቆርጦ ከሆሳዕና እህል የምታመጣው መኪና ጭቃ ውስጥ ቀረች። የተጎዱት ጤፍ ካልሆነ እህል የማይመስላቸው የጋሽ ታደሰ ባለቤት እትዬ በላይነሽ ነበሩ። ከዚያ በፊት የአማን እንሰት ባዩ ቁጥር «እኛ አገር ኮባ ዳቦ ይጋገርበታል እንጂ ግንዱ ይበላል ሲባል ሰምቼም አላውቅ» ይሉ ነበር፣ ከት ብለውም ይስቁ ነበር። መሶባቸው ባዶ ሲሆን ግን ነጠላቸውን ተከናንበው እኛ ቤት መጡ። አማ ከእናቷ ቤት የተላከላትን ቆጮ በጎመን አቀረበችላቸው። የመጀመሪያውን ጉርሻ ዓይናቸውን ጨፍነው ዋጡት፤ ሁለተኛውን ዓይናቸውን ገልጠው። በማግስቱ ሲመጡ ነጠላውን መከናነብ ትተው ነበር። በሚቀጥለው በልግ እሳቸውም ከአማ ችግኝ ለምነው ተከሉ፤ አማ ፊት ለፊታቸው አልሳቀችም፣ ማታ ግን ለአባቴ የእትዬ በላይነሽን ዶማ አያያዝ እያሳየች ስታስቀን አመሸች።

ከክረምቱ ሁሉ የምናፍቀው መውጫውን ነው። መስቀል ሲደርስ፣ ሀዲያዎቹ ያሆዴ ሲሉት፣ ካምፑ ሌላ አገር ይሆን ነበር። ወንዶቹ በሬ በጋራ ገዝተው ያርዳሉ፤ አማ ቡላ በቅቤና በወተት አንተክትካ አታካና ትሠራለች፤ የኛ ቤት ሽታ ከጉብታው ሥር እስከ ቧንቧው ይደርሳል። ሙሴም በየቤቱ እየዞረ ይቀምስ ነበር። ደጃችን በደረሰ ቁጥር ባርኔጣውን በእጁ ይዞ ቀና ይልና የእንሰቶቹን ጫፍ ትኩር ብሎ ያያል። ቅጠሎቹን ገለጥ እያደረገ መሐላቸውን የሚፈትሽበት ጊዜም ነበር።

«አማ፣ ምን እየፈለገ ነው?» እላት ነበር።

«ዕድገቱን ነው የሚያየው። እንጠብቃለን አላለም?» ትለኝ ነበር፣ ኩራቷን መደበቅ እያቃታት።

እንዲህ ሆኖ ዓመቶቹ አለፉ። እንሰቶቹ ከመስኮቱ በለጡ፤ ከዚያ ከበሩ በለጡ፤ ከዚያም ቅጠላቸውን በጣሪያው ላይ ጣል አደረጉ፣ ያ ምድጃ የነበረ ቤት በበጋ እንኳ መቀዝቀዝ ጀመረ። ከጉብታው ላይ ቁልቁል ሲታይ የቆርቆሮው ብልጭታ ጠፍቶ አረንጓዴ መስመር ብቻ ይታይ ነበር። ነፋስ ሲነሳ ቅጠሎቹ ግድግዳውን ይዳብሱታል፤ ያን ድምፅ እየሰማሁ እንቅልፍ ይወስደኝ ነበር። አማ ከሥራ በተረፈች ቁጥር በጓሮዋ እየዞረች ግንዶቹን በመዳፏ ቸብ ቸብ ታደርጋለች። በዚያን ጊዜ ደስተኛ ነበርን። ደስተኛ መሆናችንን ደግሞ እናውቅ ነበር፣ ይህ ለሁሉም ሰው የሚሰጥ ነገር አይመስለኝም።

የኩባንያው ነገር ያለቀው በአንድ ቀን አይደለም። መጀመሪያ ሞተሩ አንዳንድ ማታ ሳይነሳ መቅረት ጀመረ። ቀጥሎ ፉርጎዎቹ ግማሽ ሆነው ይመጡ ጀመር፤ የተሰበረ ፉርጎም ጠጋኝ አጥቶ ከሐዲዱ ጎን ተጋድሞ ልጆች የምንጫወትበት ሆነ። አባቴ ከሥራ ሲመለስ እንደ ድሮው ቀይ አልነበረም። «ከሥር የሚወጣው ነጭ ድንጋይ ነው» አለ አንድ ቀን፣ እጁን እያየ። «ብረቱ አልቋል። ቀድመን ሆሳዕና ቤት ብንፈልግ ይሻላል።»

«እንሰቱ አንድ ክረምት ነው የቀረው» አለች አማ።

«ጉብታው እንሰትሽን አይጠብቅም።»

«ሙሴ ይጠብቃል።»

በቤታችን ውስጥ የማስታውሰው ጠብ ይህ ብቻ ነው። አባቴ የሚያየውን ያውቃል፤ አማ የተባለችውን ታውቃለች፤ ሁለቱም እውነታቸውን ስለነበር ጠቡ የሚያልቅ አልነበረም፣ እያቋረጡት ይበሉ፣ እያቋረጡት ይተኙ ነበር።

ጥምቀት አልፎ ጥቂት እንደሰነበትን የሐዲዱ ቁራጭ ያለ ሰዓቱ ተመታ። ሁላችንም ዝግባው ሥር ተሰበሰብን። ሙሴ ተናገረ፤ ጋሽ ታደሰ መሬት መሬት እያዩ ተረጎሙት። ሥራው አብቅቷል፤ ሠራተኛው ሒሳቡን ያገኛል፤ ቤቶቹ ይፈርሳሉ፣ ቆርቆሮውም የኩባንያው ነውና ተጭኖ ይሄዳል። ከሴቶቹ መሐል የአማ ድምፅ ወጣ።

«እንሰቱስ?»

«እንሰቱማ የእናንተው ነው» አሉ ጋሽ ታደሰ፣ ሳይተረጉሙላት።

«የእኛ ከሆነ የት ቆሞ ነው የሚደርሰው?»

ያን ቀን ወደ ቤት ስንመለስ እጄን በጣም ጨምቃ ይዛኝ ነበር፤ አመመኝ፣ ግን ልቀቂኝ ለማለት አልደፈርኩም።

ቤት የሚያፈርሱት ከአካባቢው የተቀጠሩ የሀዲያና የከምባታ ጎረምሶች ነበሩ። ከላይኛው መስመር ጀምረው ምስማር እየነቀሉ፣ ቆርቆሮ እየገፈፉ ቁልቁል መጡ። ተራው ወደ እኛ መስመር ሲደርስ አማ ሴቶቹን ሰበሰበችና «ጥሬውን ጥለንላቸው አንሄድም፤ እንፍቀው» አለች። እንሰት ሳይደርስ መፋቅ ለሴት ልጅ ከባድ ነገር ነው። ቢሆንም የመጀመሪያውን ራሷ ጣለችው፤ ሲወድቅ ጣሪያው ላይ ያረፈው ቅጠል እየተንኳኳ ተጎትቶ ወረደ። ከዚያ ጓሮውን በቅጠል አጥር ጋረዱት፣ ጣውላቸውን ከቤቱ የኋላ ግድግዳ ጋር አስደገፉ፣ ልብሳቸውን ወደ ላይ ሰብሰብ አድርገው ተቀመጡ፣ ግንዱን በተረከዛቸው እየረገጡ በቀርከሃ መፋቂያ መፋቅ ጀመሩ።

እንግዲህ በእኛ አገር ሴቶች እንሰት ሲፍቁ ወንድ ወደዚያ ድርሽ አይልም። ነውር ነው። ባል እንኳ የሚፈልገው ነገር ቢኖር ከሩቅ ይጣራል እንጂ አይጠጋም። ጎረምሶቹ መጡ፣ የመፋቂያውን ድምፅ ሰሙ፣ መዶሻቸውን አስቀምጠው ራቅ ብለው ሣር ላይ ቁጭ አሉ። ካቧቸው፣ የሥራው አለቃ፣ ከሌላ አገር የመጣ ሰው ነበርና ጮኸባቸው።

«ምን ቁጭ ያደርጋችኋል? ጣሪያው ላይ ውጡ!»

«ጌታዬ፣ ሴቶች እየፋቁ ነው።»

«ይፋቁ! ምን አገባችሁ?»

«አይሆንም ጌታዬ» አለ ትልቁ ጎረምሳ። «እናቴ ብትሰማ ቤቷ አታስገባኝም።»

የእኛ ተፍቆ ሲያልቅ ሴቶቹ ተነስተው ወደ ዘይነባ ጓሮ ገቡ። የዘይነባ ሊያልቅ ሲል ከእኛ ጓሮ የቀረውን ለመጭመቅ ግማሾቹ ተመለሱ። እትዬ በላይነሽም መፋቅ ባይችሉም መፋቂያ ይዘው ተቀመጡ፣ ከሚፍቁት የሚያወሩት ይበልጥ ነበር፣ ግን አልተነሱም። ካምፑ በሙሉ ሲገፈፍ የእኛ መስመር ብቻ እንደቆመ ሰነበተ። አማ ይህን አስባ ያደረገችው ይሁን ወይ እንዲያው የሆነ፣ ነግራኝ አታውቅም፤ ስጠይቃት ፊቷን ታዞር ነበር፣ ፈገግታዋ ግን ከጎን ይታይ ነበር።

በመጨረሻ ሙሴ ራሱ መጣ። ብዙ ዓመት አብሮን ስለኖረ እሱም የቅጠሉ አጥር ጋ ሲደርስ ቆመ። አማ እስከ ክንዷ በነጭ ቆጮ እንደተለወሰች ወጣች። እኔ ማቴዎስን ይዤ በሩ አጠገብ ካለው እንሰት ሥር ቆሜ ነበር።

«ጋሽ ታደሰ፣ አንድ ነገር ይበሉልኝ» አለች። «ትከይ አላልከኝም? ብዙ ዓመት ነው ስልህ እንጠብቃለን አላልከኝም? በሉልኝ።»

ጋሽ ታደሰ ተረጎሙ። ሙሴ ግራ ተጋብቶ አያት፤ ከዚያ እንደ ልማዱ ቀና ብሎ የእንሰቱን ጫፍ ተመለከተና ቀስ ብሎ አንድ ነገር ተናገረ። ጋሽ ታደሰ ያልሰሙ ይመስል መልሰው ጠየቁት። ደገመላቸው። ጋሽ ታደሰ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ሙዝ መስሎኝ ነበር ይላል።»

«ምን?»

«ሙዝ። ያኔ ትከይ ያለሽ ሙዝ መስሎት ነው። በየመስቀሉ ቀና እያለ ሲፈልግ የኖረውም ሙዙን ነበር።»

መጀመሪያ የፈነዱት እትዬ በላይነሽ ናቸው። ከዚያ ከቅጠሉ አጥር ጀርባ ሴቶቹ ሁሉ ሳቅ በሳቅ ሆኑ፤ ዘይነባ ሆዷን ይዛ መሬት ላይ ተቀመጠች፤ ራቅ ብለው የተቀመጡት ጎረምሶች እንኳ ነገሩ ሲደርሳቸው ሳቁ። አማም ሳቀች። ስትስቅ ቆይታ ዓይኗን በዚያ ቆጮ በተለወሰ ክንዷ ሸፈነች። ሌሎቹ ሳቃቸውን ሲጨርሱ እሷ ክንዷን አላወረደችም።

ሙሴ ባርኔጣውን አወለቀ። ይቅርታ ያለ ይመስለኛል፤ ጋሽ ታደሰ ያንን አልተረጎሙም። የተረጎሙት፣ የዚህ መስመር ቤቶች ሴቶቹ እስኪጨርሱ አይነኩ ማለቱን ነው። እሱ ማድረግ የሚችለው ያንን ብቻ ነበር፣ አደረገውም፤ ዛሬ ሳስበው አልቀየመውም። የማያውቀውን ነገር ቃል ገባ፣ እኛም ያልገባውን ቃል ይዘን ኖርን፣ ከሕይወቴ ሁሉ ያማሩት ዓመታት በዚያ ስህተት ላይ የቆሙ ነበሩ።

ቆጮው ገና ጥሬ ስለነበር ጓሮው ውስጥ ጉድጓድ ተቆፍሮ፣ በቅጠል ተሸፍኖ፣ ድንጋይ ተጭኖበት ተቀበረ፤ ሲብላላ ተመልሰን እንድንወስደው። በሩ አጠገብ ያለውን የማቴዎስን እኩያ ግን አማ አልቆርጥም አለች። «ለማን ትተሽው ነው?» አላት አባቴ። «ቦታውን ይጠብቅልን» አለችው። ሌሎቹ ሴቶችም አይተው ከየበራቸው አጠገብ አንዳንድ ተዉ። ከዚያ ተለያየን። እትዬ በላይነሽ ወደ ሸዋ፣ እኛ ወደ ሆሳዕና። መኪናው ኩርባውን ሲታጠፍ ዞር ብዬ አየሁ፤ አንዱ ጎረምሳ ቤታችን ጣሪያ ላይ ወጥቶ ነበር።

ሆሳዕና ገበያው አጠገብ አንዲት ጓሮ የሌላት ክፍል ተከራየን፤ አባቴ እንጨት መሰንጠቂያ ተቀጠረ። ክረምቱ አልፎ፣ መስቀልም ካለፈ በኋላ ቆጯችንን ልናወጣ ሄድን። እኔም ስላለቀስኩ ተወሰድኩ። ካምፑ የለም። ሐዲዱ የለም፣ ቧንቧው የለም፣ ዝግባው ላይ የሽቦው ምልክት ብቻ ቀርቷል። ወለል የነበረውን ሣር ውጦታል። ግን እንሰቶቹ በመስመር ቆመው ነበር፤ በየበሩ አንድ፣ በየበሩ አንድ፣ በር ሳይኖር። አባቴ ቦታችንን ለይቶ በቀጥታ ወደ ጉድጓዱ ሲያመራ አማ ጠራችው።

«በግድግዳ ነው እንዴ የምትገባው?»

አባቴ ቆመ። ሊስቅ ፈልጎ ፊቷን አየና ተወው። ተመልሶ ዞሮ መጣ፤ ከእንሰቱ አጠገብ፣ በሩ በነበረበት፣ አማ ቀድማ፣ እሱ ተከትሎ፣ እኔ ከኋላ ሆኜ ገባን። እኔ ከልማዴ የተነሳ ደፉን እንደምረግጥ እግሬን ከፍ አደረግሁ።

የማቴዎስ እኩያ አበባ አውጥቶ ነበር። እንሰት ሳያብብ ሰው ስለሚበላው አበባውን ያየ ብዙ የለም፤ ከጫፉ ቁልቁል ተንዠርግጎ፣ በዘለላው ላይ ትንንሽ ሙዝ የሚመስሉ ፍሬዎች ደርድሮ ነበር። አማ ሥሩ ሆና ቀና ብላ አየችው። ሙሴ ቀና ይል የነበረው ልክ እዚያው ቆሞ ነበር። «ትንሽ ቢጠብቅ ኖሮ» አለች። የሚበላ አይደለም፣ ውስጡ ድንጋይ የመሰለ ዘር ነው፤ ሆኖም ያን ጊዜ ሙሴን በጣም ናፈቅሁት።

ኋላ ዘመኑ ተለውጦ መሬት ሲታደል አማ ሆመቾ አካባቢ ጓሮ አገኘች፣ በእርጅናዋም ሙሉ አድርጋ ተከለችው። እኔ ደግሞ አድጌ፣ አግብቼ፣ ሠርቼ፣ ይህን ሆሳዕና ያለውን ቤት ሠራሁ። ካርታው በስሜ ነው፤ ማንም ተነሺ ሊለኝ አይችልም። ግቢውን ጭቃ እንዳይሆን ብዬ ዳር እስከ ዳር ሴራሚክ አስነጠፍኩት፤ አበቦቼን በጣሳ ተክዬ በደረጃው ላይ ደረደርኳቸው። ቤቱ ሲያልቅ አማን አመጣኋት። በምርኩዝ ግቢውን ዞረች። ሳሎኑን አላየችም፣ ኩሽናውን አላየችም፤ ከአበቦቹ አንዱን ከነጣሳው ብድግ አድርጋ ክብደቱን ለካችና መልሳ አስቀመጠችው።

«የኔ ልጅ» አለችኝ በሐዘን፣ «መቼ ነው የምትሄዱት?»

ያኔ ሳቅሁ፤ ለልጆቼም እየነገርኩ አሳቅኋቸው። አማ ከሞተች በኋላ ግን መሳቁን ተውኩ። ካምፑ ቤት ስንኖር አንድም ነገር የእኛ አልነበረም፣ ጣሪያው የሰው፣ ግድግዳው የሰው፣ ጉብታው የሰው ነበር፤ ሂዱ ስንባል ግን ለመነሳት ብዙ ቀን ወሰደብን። አሁን ከማዶ ባሌስትራው ሲመታና ቆሜ ራሴን ሳገኘው ግቢዬን ዞር ብዬ አያለሁ። ሁሉም የእኔ ነው። ዛሬ ተነሺ ብባል የምነቅለው የለኝም።